ፎቶ ግድግዳ ላይ ሳይለጠጥ ማሳየት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ወገን! ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ አዳራሽ ውስጥ ፎቶዎቻችንን በፕሮጀክተር አሳየንና አንድም ሰው ሳይወፍር ሳይቀጥን ወጣ፣ ስለዚህ ትንሽ ልኩራራ።

አጀማመሬን አላንዛዛውም፣ ካሜራ ተዋስኩ፣ ጦሳ ተራራ ወጥቼ ከተማዋን፣ ኮምቦልቻ ወርጄ የቦርከናን ወንዝ አነሳሁ፣ ያው እንደ ሁላችሁም። ማንሳቱ ሳይሆን ማሳየቱ ነው ያንገበገበኝ።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ የስልክ ፎቶ አብዛኛው ወርዱ ለቁመቱ 4 ለ 3 ነው፣ የዲኤስኤልአር (ሌንሱ የሚቀያየር ትልቁ ካሜራ) 3 ለ 2፣ ቪዲዮ 16 ለ 9። ፕሮጀክተሩም የራሱ ልክ አለው፤ አሮጌው 1024 በ768 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ማለትም 4 ለ 3፣ የቢሮው 1280 በ800 ማለትም 16 ለ 10፣ ሌላው 1920 በ1080 ማለትም 16 ለ 9። ካልገጠሙ ወይ ጥቁር ባዶ ቦታ ይተርፋል ወይ ምስሉ ይለጠጣል። ሰው ጥቁሩን ለምን እንደሚጠላው አይገባኝም፣ ሙሽራዋን በግድ አወፍሮ ግድግዳ መሙላት ይሻላል እንዴ? በእርግጥ ዋጋ አለው፣ 16 ለ 9 ስላይድ 1024 በ768 ላይ ስታወጡ 1024 በ576 ብቻ ነው የሚሰራው፣ ሩቡ ፒክስል ጨለማ ነው።

አሁን ያለሷ ከቤት የማልወጣት አንዲት ፋይል አለችኝ። በፕሮጀክተሩ ልክ የተሰራች ነጭ ምስል ናት፣ መሃሏ ላይ ትልቅ ክብ፣ አራቱም ጠርዝ ላይ ቀጭን መስመር፣ በቃ። ከምንም በፊት እሷን አወጣና የክቡን ቁመትና ወርድ በሜትር እለካለሁ፣ በአይን አትመኑ፣ አይን ይሸነግላል። ክቡ ከተንጋደደ፣ ማለትም ሁለቱ እኩል ካልሆኑ፣ መጀመሪያ ላፕቶፑን እዩ፤ ሁለቱም ስክሪን አንድ አይነት እንዲያሳይ ካደረጋችሁት የላፕቶፑ 1366 በ768 ሊጫንበት ይችላል፣ ስለዚህ ኤክስቴንድ አድርጉና (ፕሮጀክተሩ እንደ ሁለተኛ ስክሪን ለብቻው እንዲሰራ) ለፕሮጀክተሩ የራሱን ሪዞሉሽን ማለትም የፒክስል ልክ ስጡት። ከዛ የፕሮጀክተሩ ሜኑ ውስጥ አስፔክት (የወርድና ቁመት ምጥጥን) የሚለውን አውቶ ላይ አድርጉ፣ ምስሉን ለጥጦ የሚሞላውን ፉል የሚለውን ቀድሞ የነካ ሰው አይጠፋም። ክቡ ልክ ሆኖ የጠርዙ መስመር ካልታየ ደግሞ ኦቨርስካን ነው፣ ዳር ዳሩን እየቆረጠባችሁ ነው።

ርካሾቹ ካርቶናቸው ላይ «1080 ይደግፋል» ይላሉ፣ ይቀበላል ማለት እንጂ ያሳያል ማለት አይደለም፣ ውስጡ 800 በ480 ሊሆን ይችላል። ከመከራየታችሁ በፊት «ኔቲቩ (በእርግጥ የሚያሳየው የራሱ ፒክስል) ስንት ነው?» በሉ፣ አከራዩ ካላወቀ ሞዴሉን ጠይቃችሁ ራሳችሁ ፈልጉ።

የቁም ፎቶ ክሮፕ አድርጎ (ቆርጦ) 16 ለ 9 ውስጥ መክተትማ አንገት መቁረጥ ነው፣ በፕሮጀክተሩ ልክ ጥቁር ሸራ ሰርታችሁ መሃሉ ላይ አስቀምጡት።

ኪስቶንም (ፕሮጀክተሩ ጋደል ብሎ ሲቀመጥ የተጣመመውን ምስል የሚያስተካክለው) አልወድም፣ ፒክስል ይበላል፣ አንዳንዴም የወርድና ቁመቱን ሬሽዮ ያዛባል፤ ጠረጴዛውን ከፍ አድርጉና ፕሮጀክተሩን ፊት ለፊት አምጡት። ይሄን ሁሉ እያልኩ ምሰሶ ያለበት አዳራሽ ሲገጥመኝ ግን እኔም የኪስቶን ቁልፏን ተጭኜ ዝም ነው።

የቀረኝ ስክሪኑ ነው። ያሰፋሁት አቡጀዲ 4 ለ 3 ስለሆነ በ16 ለ 10 ሳሳይ ከታች ባዶ ይተርፈዋል፣ ልቆርጠው ደግሞ አንጀቴ እምቢ አለ። ኮምቦልቻ ላይ 1920 በ1200 የሚያከራይ የምታውቁ ካላችሁ ኢንቦክስ በሉኝ።