ጥለት ከሩቅ እንዲለይ ምን ያስፈልገዋል?

ሰላም ወዳጆች። የጥለት ንድፍ ልምምዴን ቀጥያለሁ። ሰሞኑን ግን ቀለሙን ትቼ፣ ዓይን አንዱን ቅርጽ ከሌላው በምን ይለያል በሚለው ተይዣለሁ።

እዚህ ጎንደር ለጥምቀት ሰው ነጭ ለብሶ ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ ሲወርድ ልብ ብላችሁ እዩ። አንዳንዱ ጥለት ገና ከሩቅ ይታያል። ሌላው ስንት የተደከመበት ሆኖ ሳለ አጠገቡ ካልቆሙ ድፍን መስመር ነው። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፤ ልፋቱ እንዲታይ እፈልጋለሁ።

መልሱን ያገኘሁት ከሥነ ልቦና ተመራማሪው ጃኮብ ቤክ የ1966 ሙከራ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። እኔም በካሬ ወረቀት ሞከርኩት። የወረቀቱን ግማሽ በእንግሊዝኛው ቲ ፊደል ሞላሁት፤ ሌላውን ግማሽ በዘመመ ቲ። ድንበሩ ወዲያው ቁልጭ አለ። ከዚያ በዘመመው ፋንታ ቀጥ ያለ ኤል አስገባሁ። ድንበሩ ጠፋ! የቱ ከየቱ ይመሳሰላል ተብሎ ሲጠየቅ ግን ሰው ቲን ከዘመመው ቲ ጋር ነው የሚያዛምደው። ዓይን በአንድ እይታ የሚለየውና እኛ አስበን የምንለየው ለካ አንድ አይደለም።

ለአንጎል ተመራማሪዎቹ ለሁበልና ለዊዝል በ1981 ኖቤል ያስገኘላቸው ጥናት እዚህ ላይ ይረዳል። ከአንጎል ኋላ ባለው የእይታ ክፍል ብዙዎቹ ሴሎች የየራሳቸው አቅጣጫ አላቸው። አንዱ ለቁም መስመር ይነቃል፣ ሌላው ለአግዳሚ፣ ሌላው ለሰያፍ። ቲም ኤልም ከቁምና ከአግዳሚ የተሠሩ ስለሆኑ የሚያነቁት ያንኑ ሴል ነው። የዘመመው ሌሎቹን ይቀሰቅሳል።

መጠንም አለበት። የእይታ ተመራማሪዎቹ በርገንና አደልሰን በ1988 እንዳሳዩት፣ ኤክሶች ከኤሎች መሃል በቀላሉ ይለያሉ፤ የኤሎቹ መስመር በሩብ ሲያጥር ግን ልዩነቱ ይደበዝዛል። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ይሄ ነው፤ ቅርጹ ሳይነካ መጠኑ ብቻ ያን ያህል ለውጥ ማምጣቱ።

ስለዚህ አሁን ጎን ለጎን የማስቀምጣቸውን ሁለት ረድፎች በአቅጣጫና በመጠን ነው የምለያቸው፤ አንዱ በቁም መስቀል፣ ሌላው ተለቅ ባለ ሰያፍ። ግድግዳ ላይ ለጥፌ ራቅ ብዬ ገረፍ አድርጌ አያለሁ። ካልተለየ ቢያምርም አልፈዋለሁ።

የቀረኝ ክሩ ነው። ድርና ማግ ቀጥ ብለው ስለሚገናኙ ሰያፉ መስመር ደረጃ ደረጃ ይሠራል። ሽመና የምታውቁ፣ ደረጃው ከሩቅ እንዳይታይ ክሩ ምን ያህል መቅጠን አለበት? የሠራችሁት ካለ ፎቶውን ላኩልኝ።