ጥቁር አዝሙዱ ለምን አንደኛ ወጣ?

ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር በተከራየኋት ክፍል፣ በአሮጌ ላፕቶፕ ነው የጀመርኩት። ጥያቄዬ አንድ ነበር፦ የሴልን የራሱን አንቲኦክሲዳንት (ጎጂ ኦክሲጅን-ነክ ኬሚካሎችን የሚያከሽፍ) መከላከያ የሚያነሳሱ ውህዶችን ኮምፒውተር ቀድሞ ሊጠቁመኝ ይችላል ወይ?

መከላከያውን የሚያዘው ኤንአርኤፍ2 የሚባል ፕሮቲን ነው። በሰላም ጊዜ ኪፕ1 የሚባል ሌላ ፕሮቲን ይይዘውና እንዲፈርስ ያደርገዋል። አስጊ ኬሚካል መጥቶ ኪፕ1 ላይ ያሉትን ሲስቴይኖች (ኬሚካል በቀላሉ የሚጣበቅባቸውን የፕሮቲኑን ክፍሎች) ሲነካ ግን ኤንአርኤፍ2 ያመልጣል። ኒውክለስ ገብቶም ግሉታቲዮን የተባለውን የሴሉን አንቲኦክሲዳንት የሚያሠሩ ጂኖችን ይቀሰቅሳል። የብሮኮሊው ሰልፎራፌን በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው። በ2023 አሜሪካ ውስጥ ፍሪድራይክ አታክሲያ ለሚባል በዘር የሚተላለፍ የነርቭ በሽታ የተፈቀደው መድኃኒት ኦማቬሎክሶሎንም ኤንአርኤፍ2ን ያነቃል።

ዳታውን የኬሚካሎችን መርዛማነት ከሚፈትነው የአሜሪካ መንግሥት ፕሮግራም ከቶክስ21 ወሰድኩ፤ በነጻ ይገኛል። ለዚህ መንገድ ብቻ በጉበት ካንሰር ሴሎች ላይ የተፈተኑ ከ5,800 በላይ ውህዶች አሉት። የሚቀሰቅሱት 16 በመቶ ገደማ ናቸው። ስለዚህ ሁሉንም "አይሠራም" የሚል ሞዴል እንኳ 84 በመቶ ልክ ይሆናል! ያንን መለኪያ ወዲያው ተውኩት።

አርዲኪት በሚባል የኬሚስትሪ ሶፍትዌር እያንዳንዱን ሞለኪውል ቅርጹን ወደሚገልጹ 2,048 ዜሮና አንዶች ቀይሬ፣ ራንደም ፎረስት የሚባል ከምሳሌ የሚማር ሞዴል አሠለጠንኩ። ውጤቱ ግሩም ነበር። ለጓደኛዬ ባሳየው፣ "ማሠልጠኛውንና መፈተኛውን እንዴት ለየሃቸው?" አለኝ። በዕጣ ነበር። ለካ ወንድማማች ሞለኪውሎች በሁለቱም ወገን ገብተዋል፤ ሞዴሉ ፈተናውን ቀድሞ አይቶታል። በአጽማቸው (በመሠረታዊ መዋቅራቸው) ቤተሰብ ለይቼ፣ አንድ ቤተሰብ በአንድ ወገን ብቻ እንዲሆን አድርጌ ስደግመው ውጤቱ ወረደ። ከፋኝ፤ ግን እውነተኛው ቁጥር እሱ ነው።

እሑድ አዘዞ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ለድፎ ዳቦ ያቦካችው ሊጥ ላይ ጥቁር አዝሙድ ትበትናለች። በጥቁር አዝሙድ ውስጥ ያለውን ታይሞኩዊኖንን፣ ከሌሎች የቅመም ውህዶች ጋር፣ እዚያው ለሞዴሉ ሰጠሁት። አንደኛ አወጣው! የእርዱ ኩርኩሚን ተከተለ። "አንተ ልጅ፣ ድሮስ መድኃኒት አይደል እንዴ?" አለችኝ እማዬ።

ታይሞኩዊኖን ኤንአርኤፍ2ን እንደሚያነቃ በላብራቶሪ ታይቷል፤ ሞዴሉ አልተሳሳተም። ግን አንደኛ ያደረገው ምንድን ነው? ታይሞኩዊኖን ኩዊኖን ከሚባለው የኬሚካል ዓይነት ነው፤ ኩዊኖን ደግሞ ያገኘው ሲስቴይን ላይ ሁሉ ይጣበቃል፤ ኪፕ1ን ብቻ አይመርጥም። ኩርኩሚንም ብዙ ዓይነት ምርመራዎችን በማሳሳት የታወቀ ነው። ሴል መርዝ ሲነካውም ያንኑ መከላከያ ያነሳል። ሞዴሌ የተማረው ሴሉን ማን እንደሚያስደነግጠው እንጂ ማን እንደሚጠብቀው አልነበረም። ይህን ለመረዳት ሳምንታት ፈጅቶብኛል። ዛሬ ብጀምር ከዚህ ነበር የምነሳው።

ቶክስ21 በዚያው ፈተና ሴሎቹ በሕይወት መቆየታቸውንም ለክቷል። በእሱ ሁለተኛ ሞዴል ሠራሁ። አሁን ዝርዝሬ ላይ የሚገባው መከላከያውን ያነሳል፣ ሴሉን ግን አይገድልም የተባለው ብቻ ነው። ታይሞኩዊኖን ወደ ታች ወረደ፤ ዝርዝሩም አጠረ። የቀሩትን ይዤ ሴል የሚያሳድግ ላብራቶሪ እያፈላለግኩ ነው። መጀመሪያ የማስለካው ግሉታቲዮን ነው፤ ጎን ለጎንም በሕይወት የቀሩትን ሴሎች አስቆጥራለሁ።