የአይስ ሆኪ በረኛ ትጥቅ፦ ልኩን እንዴት እንደምወስድ

የበረኛን ትጥቅ የምለካው በረኛው ሙሉውን ለብሶ ሲቆም ነው። ጠረጴዛ ላይ ልክ የነበረ ፓድ (ወፍራም የእግር መከላከያ) እግር ላይ ሲታሰር ሊሰፋ ይችላል፤ የሰሜን አሜሪካው የአይስ ሆኪ ሊግ የኤንኤችኤል ደንብም የሚጠይቀው እግር ላይ እንዳለ ያለውን ስፋት ነው።

የእግር ፓድ ወርዱ ከ11 ኢንች ማለፍ የለበትም። ሊጉ ከ2005–06 የውድድር ዘመን በፊት 12 ኢንች ይፈቅድ ስለነበር፣ ያገለገለ ፓድ የሚገዛ ሰው ከሁሉ በፊት ይህን ይይ። የልብስ ሜትር እዚህ አይረዳም፤ የፓዱን ጉብታ ተከትሎ ስለሚተኛ ቁጥሩን ያበዛል። እኔ የምጠቀመው ሦስት ጣውላ ነው፤ አንዱ መሠረት፣ ሁለቱ ክንድ፣ በክንዶቹ መካከል ልክ 11 ኢንች ክፍት። ከቁርጭምጭሚት እስከ ጭን አንሸራትተዋለሁ። ከያዘ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ጉልበት አጠገብ ነው፤ በረኛው በተንበረከከ ቁጥር መሙያው ወደ ጎን ይገፋል። ስለዚህ አዲስ ሲታዘዝ ሩብ ኢንች ያህል ጠበብ ቢል ይሻላል።

ቁመቱ ግን ለሁሉም አንድ አይደለም። ከ2013–14 ጀምሮ ከጉልበት በላይ የሚወጣው ክፍል ከጉልበት እስከ ዳሌ ካለው ርቀት ከ55 ወደ 45 በመቶ ወርዷል። ርቀቱ 20 ኢንች ከሆነ 9 ኢንች ማለት ነው።

የመያዣ ጓንት ዙሪያው እስከ 45 ኢንች ነው፤ ጠርዙን በሲባጎ ዞሬ ሲባጎውን ዘርግቼ እለካለሁ። ብሎከር፣ ማለትም ዱላ በሚይዘው እጅ ላይ የሚለበሰው ጠፍጣፋ መከላከያ፣ እስከ 8 በ15 ኢንች፤ እሱ ቀላል ነው።

ሰው የሚዘነጋው ማሊያውን ነው። እጅጌው አንጓ ላይ ታስሮ ብብት ስር ያለውን ጨርቅ ከወጠረ ክልክል ነው፤ የተወጠረ ጨርቅ ፓክ (የመጫወቻውን ጠፍጣፋ ክብ ጎማ) ያቆማልና። በረኛው ክንዱን ከፈት አድርጎ ሲቆም ብብቱ ስር በጣት እጫናለሁ፤ እንደ ከበሮ ከመለሰ ማሰሪያውን አላላለሁ። የማሊያው ጫፍ በእግሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ከሸፈነም አይፈቀድም፤ ይህንን በቆመበት ብቻ ሳይሆን ጎንበስ ብሎ ሲጠባበቅም አያለሁ።

የደረት መከላከያ ትከሻው የሰውየውን ትከሻ ቅርጽ መከተል አለበት፤ ሊጉ በ2018–19 ያጠበቀው ይህንን ነው። እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው፦ ትርፍ ስፋት ይቀነስ እንጂ አጥንት ላይ ያለው ውፍረት አይነካ። አጥንቱን የሚያድነው ውፍረቱ ነው፤ ስፋቱ የሚሸፍነው መረቡን ነው።

ማሰሪያ ከተቀየረ ወይም ፓድ እንደገና ከተሞላ፣ ጣውላው እንደገና ከታች እስከ ላይ ያልፍበታል።