«ባቡሽካ» አትበዪኝ

ዋሽንግተን አካባቢ አረጋውያንን መንከባከብ የሠራ ሰው ያውቀዋል። ሥራው ግማሹ ማጠብና መድኃኒት መስጠት ነው፣ ግማሹ ወሬ መስማት። እኔ የደረሱኝ 90 ዓመት ያለፋቸው ዩክሬናዊት ነበሩ። የመጀመሪያ ቀን ደስ ላሰኛቸው ብዬ «ባቡሽካ»፣ አያቴ ማለት ነው፣ አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። «እሱ የሩሲያ ነው። እኔን ባቡስያ በዪኝ።» እኔ ግን ለምላሴ የቀለለኝን መረጥኩ፦ እማማ።

እማማ ዳቦ አያስጥሉም። አንድ ቀን ትራሳቸውን ሳነሳ በሶፍት የተጠቀለለ ደረቅ ዳቦ ወደቀ። ልጥለው ስል እጄን ያዙኝ፣ ያውም እንዴት አድርገው! ከዚያ ወዲያ ነክቼው አላውቅም።

የ33ቱን ረሃብ በ5 ዓመታቸው አይተዋል። «ሆሎዶሞር» ይሉታል፤ «ሆሎድ» ረሃብ ነው፣ «ሞር» ደግሞ እልቂት። እ.ኤ.አ. በ1932 እና በ33 የስታሊን መንግሥት የገበሬውን እህል ከጎተራው አጋዘው። ኮታ ያልሞላ መንደር በጥቁር መዝገብ ይሰፍራል፣ ሸቀጥም አይገባለትም። በ1932 የወጣ ሕግ ደግሞ ከጋራ እርሻ የእህል ዛላ የለቀመን ሰው በሞት ወይም በ10 ዓመት እስራት ይቀጣ ነበር። ሕዝቡ «የአምስቱ ዛላ ሕግ» አለው። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው አለቀ።

ስለ እናታቸው ስጠይቃቸው ግን እማማ የሚመልሱልኝ ስለ ልቦለድ ነው። «ቢጫው ልዑል» ይባላል። ቫሲል ባርካ የሚባል ስደተኛ እዚሁ አሜሪካ ሆኖ የጻፈው ነው። አገር ቤት ረሃቡ እንዳልነበረ ተደርጎ ስለነበር እዚያ ሊታተም አይታሰብም። ሚሮን ካትራንኒክ የሚባለው አባወራ የቤተክርስቲያኑን ጽዋ ቀብሯል። ካድሬዎቹ ቦታውን ንገረንና እህል እንስጥህ ይሉታል። ልጆቹ እያለቁ ናቸው። አይናገርም። በመጨረሻ ከቤቱ የሚተርፈው ትንሹ አንድሪይኮ ብቻ ነው።

ሲነግሩኝ ተናደድኩ። «እማማ፣ ጽዋ ከልጅ ይበልጣል?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ማታ አውቶቡስ ላይ ነው ትዝ ያለኝ፦ እኛስ በግራኝ ዘመን ታቦት ዋሻ ውስጥ ሸሽገው ስለሞቱት ስንት ጊዜ በኩራት አውርተናል! ስለ ልጆቻቸው የጠየቀ ሰው አልሰማሁም።

ሁለተኛውን መጽሐፍ ራሴ በእንግሊዝኛ ፈልጌ አነበብኩት፣ የማሪያ ማቲዮስን «ጣፋጯ ዳሩሲያ»። እውነቴን ነው፣ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። ምዕራብ ዩክሬን፣ ቡኮቪና ውስጥ አንዲት ሕፃን ከረሜላ ለሰጣት የሶቪየት ደኅንነት መኮንን ያየችውን ትነግረዋለች። በዚያ ሰበብ እናቷ ራሷን ታጠፋለች። ዳሩሲያ ከዚያ በኋላ አትናገርም። ጣፋጭ ነገር ራሷን ያማታል። መንደሩ ጅል ናት ይላታል።

በአንደኛው ያልተናገረው ልጆቹን ያጣል፣ በሁለተኛው የተናገረችው እናቷን። እንዲህ ከሆነ ማን አፉን ይከፍታል?

የኔም እናት የወሎ ሰው ናት። በ1966 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ልጅ ነበረች። የደሴ መንገድ ዳር ቆሞ መኪና ይለምን ስለነበረው ሕዝብ ከሌሎች ሰምቻለሁ፣ ከእሷ ግን አንድም ቀን። (ስንጠራው እንኳ «ድርቁ» እንላለን፣ ጥፋቱ የሰማይ ብቻ ይመስል። ያኔ ወሬው እንዳይወጣ ያፈነው ግን መንግሥት ነበር።) ማታ ደወልኩላት። «እማዬ፣ በ66 እናንተ ቤት ምን ሆነ?» አልኳት። «ዛሬ ደግሞ ምን ነካሽ? ይልቅ እራት በልተሻል?» ብላ ወሬውን ቀየረችው።

ዩክሬናውያን በኖቬምበር አራተኛው ቅዳሜ የዚያን ረሃብ ሙታን ያስባሉ፣ ማታም መስኮት ላይ ሻማ ያበራሉ። በዚያ ቀን እማማን በዊልቸር ይዤ ዩኒየን ስቴሽን አጠገብ ወዳለው መታሰቢያ ሄድን። እ.ኤ.አ. በ2015 የተመረቀ የነሐስ ግድግዳ ነው። የስንዴ ዛላ ተቀርጾበታል። በአንዱ ጫፍ ዛላው ጎልቶ ይወጣል፣ ከዚያ እየሰጠመ ይሄድና በሌላው ጫፍ የሚቀረው ጎድጓዳ ቅርጹ ብቻ ነው።

እማማ ወደ ጎድጓዳው በኩል ግፊኝ አሉኝ። ጓንታቸውን አውልቀው ጣታቸውን ከተቱበት።

«እናቴ ከቀሚሷ ሥር ደብቃ ታመጣልን ነበር» አሉ። «አምስት እንኳ አይሞላም።»

ቀጥለው የሚናገሩ መስሎኝ ጠበቅኩ። ጓንታቸውን አጠለቁና በረደኝ፣ እንሂድ አሉኝ።