ማጠንጠኛው ሲከብድ እጃችሁን አንሱ

የፊልም ካሜራ ያላችሁ፣ ወይ ከአጎታችሁ ሳጥን አንድ ቆፍራችሁ ያወጣችሁ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ለእኔ ማንም አልነገረኝም። የነገረኝ ሰው ቢኖር 9 ፎቶ አላቃጥልም ነበር።

ካሜራዬ ፔንታክስ ኬ1000 ነው። እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1997 ድረስ ሲመረት የኖረ ሞዴል። ባትሪ የሚፈልገው ለብርሃን መለኪያው ብቻ ነው፤ ባትሪ ባይኖረውም ፎቶ ያነሳል። አጎቴ ሲሰጠኝ «ትንሽ ይከብዳል እንጂ አይከዳህም» አለኝ። የሚከብደው ከላይ በግራ በኩል ያለው ማጠንጠኛ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ተጣጥፋ የተኛችውን እጀታ ታነሱና እያዞራችሁ ፊልሙን ተጠቅልሎ ወደመጣበት ትንሽ ቆርቆሮ ትመልሱበታላችሁ። የእኔው ሲዞር የእጅ ቡና ወፍጮ ነው የሚመስለው። አምስት ስድስት ፊልም እንዲሁ እየታገልኩ መለስኩ። ለመድኩት። ጥፋቱ የጀመረው እዚህ ጋ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ስትፈርስ ያለችኝን አንድ ፊልም ጎርሼ ወጣሁ። ካሜራውን አጉርሼ ማለቴ ነው። ፊልም እዚህ እንደ ልብ አይገኝም፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው ተለምኖ ነው። ስለዚህ የምትይዘውን 36 ፎቶ እየቆጠብኩ ነው ያነሳሁት። የዶሮ ማነቂያን ጠባብ መተላለፊያ፣ የእንጨት በረንዳዎቹን፣ ግማሹ ተነቅሎ ግማሹ የቀረ ጣሪያ። የመጨረሻዋን ለእትዬ አቆየሁላቸው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ዳቦ ይዘው የሚጠብቁኝ ጎረቤታችን ናቸው። ዕቃቸው ተጭኖ ረከቦቱ ብቻ ደጃፉ ላይ ቀርቷል። ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ። «ቆንጆ አድርገህ አንሳኝ ልጄ፤ እዚህ ደጅ ላይ ከእንግዲህ አልነሳም» አሉኝ።

ከእሳቸው ተሰናብቼ ወደ ጊዮርጊስ ስወጣ አንድ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው አስቆመኝ።

«ምንድን ነው የምታነሳው?»

«ሰፈሬን።»

«እስቲ አሳየኝ።»

ካሜራውን ገልብጦ ስክሪን ፈለገ። ጀርባው ጥቁር ቆዳ ነው።

«በል አጥፋው።»

ፊልም እንደማይጠፋ ላስረዳው ሞከርኩ። «እንግዲያው አውጣው» አለኝ። እስካሁን ሳስበው ያበግነኛል። በየትኛው ደንብ ነው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን «እሺ፣ ቆይ ልመልሰው» ብዬ በቁሜ ማጠንጠን ጀመርኩ። ቆርቆሮው ውስጥ ከገባ ቢያንስ ካሜራው ሲከፈት ብርሃን አያቃጥለውም ብዬ ነው።

ዘዴው እንዲህ ነው። የፊልሙ ሁለት ጠርዞች ቀዳዳ ቀዳዳ ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ፎቶ በአንድ ጎን 8። ካሜራው ውስጥ ያለ ባለ ጥርስ ዘንግ እነዚህን ቀዳዳዎች ይዞ ፊልሙን ወደ ፊት ብቻ ይጎትታል። ወደ ኋላ ለመመለስ ከካሜራው ሥር ያለችውን ትንሽ ቁልፍ መጫን የግድ ነው። ያኔ ጥርሱ ይለቃል። ቁልፏ አንዴ ከተጫነች ገብታ ትቀራለች። በቀኝ አውራ ጣት የምንገፋትን የፊልም ማሳለፊያ ከነካችሁ ግን ተመልሳ ትወጣለች። እኔ ቁልፏን ተጭኛለሁ። ሰውየው ሲያዋክበኝ አውራ ጣቴ በልማድ ማሳለፊያዋን ገፋት። ልብ አላልኩም።

ማዞር ጀመርኩ። ከበደ። እንግዲህ ሁሌም ይከብዳል። ጨመርኩበት። የሆነ ነገር ጠቅ፣ ጠቅ፣ ቀጥሎ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማውን ድምፅ አሰማ። ከዚያ እጀታዋ እንደ ቅቤ ለሰለሰች። መመሪያው ውጥረቱ ሲላላ ፊልሙ ገብቷል ማለት ነውና ክፈቱት ይላል። ከፈትኩት። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰውየውም አንገቱን አስግጎ እያየ።

ፊልሙ እንዳለ በቀኝ በኩል ተጠምጥሞ ቁጭ ብሏል። ከቆርቆሮው አፍ የተበጣጠሰች ቁራጭ ብቻ ምላስ መስላ ወጥታለች። ጀርባውን ድርግም አድርጌ ዘጋሁት። ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው።

«አለቀ?» አለኝ።

«አለቀ።»

«በል ሂድ።» ፊልሙን አልጠየቀኝም። ረስቶታል!

ሰውየውን ለወራት ስረግመው ከረምኩ። የበጠስኩት ግን እኔ ነኝ። ማጠንጠኛው ለስላሳ ቢሆን ኖሮ ቁልፏ መውጣቷን ጣቴ ወዲያው ያውቀው ነበር። የደረቀ ግራሶ ክብደትና የተቆለፈ ፊልም ክብደት አንድ ሆኑበት። ደግሞስ ሁለት ዙር እንኳ አላዞርኩም። 36 ፎቶ በሁለት ዙር ይመለሳል? ይሄን ለመጠየቅ ሒሳብ አያስፈልግም፤ እርጋታ ነው የሚያስፈልገው።

ቤት ስገባ የአክስቴ ልጅ «ቀይ አምፖል አብራና አውጣው፣ ፎቶ ቤት እንደዚያ ነው የሚያደርጉት» አለኝ። እንዳትሰሙ። የፎቶ ቤቶቹ ቀይ መብራት ለማተሚያው ወረቀት ነው፤ የተለመደው ፊልም ቀዩንም ያያል። ድፍን ጨለማ ነው የሚያስፈልገው። ደግነቱ የዚያን ዕለት ማታ ሰፈሩ በሙሉ መብራት ጠፋበት። መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤታችን ገብቼ፣ ጋቢ ተከናንቤ፣ ስልኬን ውጭ ትቼ ከፈትኩት። የተበጠሰውን ጫፍ በጣቴ ፈልጌ ጠርዝ ጠርዙን እየያዝኩ ጠቀለልኩት። 1.6 ሜትር ገደማ ነው፤ በጨለማ ግን ማለቂያ የለውም። በፎይል ጠቅልዬ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ከተትኩት፣ በጥቁር ፕላስተር አሸግኩት። ላዩ ላይ «እንዳትከፍቱ» ብዬ ጻፍኩበት። እናቴ ጣሳ አይታ ዝም አትልም።

ጥገናው ከፈራሁት በታች ነበር። መመሪያው ለባለሙያ ስጡ ይላል። የትኛው ባለሙያ? ሰዓት ሠሪ ጋ ብወስደው የስፌት መኪና ዘይት ሊያንቆረቁርበት ሲል ነጥቄው ወጣሁ። ቀጭን ዘይት ቦታው ላይ አይቆይም፤ እየሄደ ሌላውን ያበላሻል። ቤቴ ጀርባውን ከፍቼ፣ ውስጥ ያለችው ባለ ሁለት ጣት ሹካ መሃል እርሳስ ሰክቼ፣ በአንድ እጅ እርሳሱን ይዤ ከላይ እጀታዋን ወደ ግራ ሳዞር ተፈትታ ወጣች። ካቻቢቴ እንኳ አልፈለገችም። ከሥሯ ሮንዴላ፣ ከሮንዴላው ሥር ጫማ ቀለም የመሰለ የደረቀ ግራሶ። በጆሮ ጥጥና በአልኮል አጸዳሁት፣ አደረቅኩት፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል አዲስ ግራሶ ቀባሁ። በቃ። ሃያ ደቂቃ። ለዓመታት የታገልኩት ለዚህ ነው። ከዚያ አልፋችሁ ግን የላዩን ክዳን አትክፈቱ። የፊልም ፍጥነት ቁጥር (ISO የሚባለው) ማጠንጠኛው ዙሪያ ያለበት ካሜራ ከሆነ ደግሞ ይሄንንም አትሞክሩ፤ የኬ1000 ቁጥር በሌላው በኩል ስለሆነ ነው የቀለለኝ።

አሁን ፊልም ከማጉረሴ በፊት ባዶውን አዞረዋለሁ። የቆርቆሮውንም እንብርት በጣቴ አዞራለሁ፤ አንዳንዴ የሚከብደው ቆርቆሮው ራሱ ነው፣ ካሜራው በከንቱ ይሰደባል። ስመልስ ከበደኝ ማለት ካሜራውን ገልብጬ ቁልፏን አያለሁ ማለት ነው። አሁንም ከከበደኝ ወደ ጋቢው። ሲላላልኝም መመሪያውን አልሰማም፤ አሥር ዙር ጨምሬ፣ በጆሮዬ አዳምጬ ነው የምከፍተው።

ፊልሙን ቤቱ የሚያጥብ ጓደኛዬ አጠበልኝ። ውስጥ የነበሩት፣ መጀመሪያ ያነሳኋቸው፣ ተርፈዋል። የዶሮ ማነቂያው መተላለፊያ አለ። ላዩን የነበሩት የመጨረሻዎቹ 9 ነጌቲቩ ላይ ድፍን ጥቁር ናቸው።

እትዬ አሁን ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። በየበዓሉ ይደውላሉ። «ልጄ፣ ፎቶዬስ?» ይሉኛል።

«ገና አልታጠበም እትዬ» እላቸዋለሁ።