ጆርጅታውን፣ ደረጃው ጋ

ዋሽንግተን በገባሁ በሦስተኛው ቀን ታክሲ ያዝኩ። ሾፌሩ፣ እንደ ብዙዎቹ የዲሲ ባለታክሲዎች፣ የአገሬ ሰው ናቸው። ጠና ያሉ። «ጆርጅታውን፣ ኤም ስትሪት፣ ደረጃው ጋ» አልኳቸው። በመስታወት አዩኝ።

«የሰይጣኑ ፊልም? ምን ሊያደርግልሽ ልጄ?»

አዎ፣ «ዘ ኤግዞርሲስት»። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው። ጋኔን የያዛት የ12 ዓመት ልጅ፣ ሐኪም ሁሉ ግራ የተጋባባት እናት፣ እምነቱ የተናወጠ ካህን። መጨረሻ ላይ ካህኑ፣ አባ ካራስ፣ ጋኔኑን ወደ ራሱ ይጠራና በመስኮት ዘሎ በዚህ ደረጃ እየተንከባለለ ይወርዳል። ለቀረጻው ደረጃዎቹ ላይ ጎማ ተነጥፎ፣ እሱን ተክቶ የወደቀው ሰው ሁለቴ ነው የተንከባለለው። ሁለቴ!

75 ደረጃ ነው። እኔ 40 ላይ ቆጠራው ጠፋብኝ፤ ትንፋሼም አብሮ። ጠባብና ቀጥ ያለ ነው፤ ግራና ቀኙ ግንብ። የሚያስፈራ ነገር ግን የለውም። አንዲት ሯጭ ሽቅብ ቁልቁል ስትመላለስ ሁለቴ አለፈችኝ። በ2015 የተሰቀለውን የመታሰቢያ ሰሌዳ ቀና ብላ እንኳ አላየችም።

ላይ ስደርስ የፊልሙን ቤት አየሁት፤ ሳቄም መጣ። መስኮቱ ከደረጃው በጣም ይርቃል! ከዚያ የዘለለ ሰው ግቢው ውስጥ ነው የሚቀረው። ለፊልሙ ሲሉ ከቤቱ ጎን የውሸት ግድግዳ ገንብተው ነው መስኮቱን ወደ ደረጃው ያስጠጉት። የልጅቷ መኝታ ክፍልማ ጭራሽ እዚህ የለም፤ ኒው ዮርክ ስቱዲዮ ውስጥ ነው የተሠራው። ትንፋሻቸው እንዲታይ ክፍሉን እንደ ፍሪጅ አቀዝቅዘውት፣ ልጅቷን ሆና የተወነችው ሕፃኗ ሊንዳ ብሌር በስስ የሌሊት ልብስ ትንቀጠቀጥ ነበር። ልጅቷ የምትተፋው ያ አረንጓዴ ትውከት የአተር ሾርባ ነው። ጋኔኑን ሊያስወጣ የሚመጣውን ሽማግሌ ካህን፣ አባ ሜሪንን፣ ሆኖ የተወነው ማክስ ቮን ሲዶው ያኔ ገና በ40ዎቹ ውስጥ ነበር፤ እርጅናው ሁሉ ሜካፕ ነው።

ሾፌሩ ቆመው ጠበቁኝ። በመመለሻችን ከፊልሙ የምወደውን ቦታ ነገርኳቸው። አባ ካራስ «ጠበል ነው» ብሎ ልጅቷን ውሃ ይረጫታል። ትጮሃለች፣ ትንፈራገጣለች። ውሃው ግን የቧንቧ ነበር። ስለዚህ ካህኑ «እንግዲህ ጋኔን አይደለም ማለት ነው» ብሎ ይጠራጠራል። ለእኛ፣ ጠበል ሜዳ ላይ ያ ጩኸት ምን ማለት እንደሆነ እያየን ላደግን፣ በፊልሙ ጭንቅላቷ ዞሮ ከመሽከርከሩ ይልቅ ይቺ ነገር ናት የምትከነክነው።

መብራት ይዞን ስለነበር ዞር አሉ።

«ቆይ፣ ካህኑ ራሱ ነው የዋሸው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ሰይጣንን ዋሽቶ ሲያበቃ፣ ሰይጣን አታለለኝ ይላል?»

መብራቱ በራና ሄድን።