ከቅዳሜ ቀትር እስከ እሑድ ማታ

የምሠራበት የግል ድርጅት ቅዳሜ የሚዘጋው ከቀኑ በ6 ሰዓት ነው። ከዚያ ጀምሮ እሑድ ማታ 12 ሰዓት ድረስ ሲቆጠር 30 ሰዓት ይሆናል፤ ላለፉት አራት ዓመታት እኔ፣ ባለቤቴና ሴት ልጃችን ከጅማ ወጣ ብለን የተመለስንባቸው ጉዞዎች አብዛኞቹ በእነዚህ 30 ሰዓታት ውስጥ የተደረጉ ናቸው። ጊዜው አጭር ነው፤ ቢሆንም አስቀድሞ ላሰበበት ሰው ይበቃል፣ ሳያስብ ለሚነሣ ግን መንገድ ላይ ያልቃል።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አገልግሎት አንድ ቀን ይጨመርለታል። ቁጥሩ ሲታይ የሚያንስ አይመስልም። ሆኖም ወላጆቹ ደብረ ማርቆስ የሚኖሩ እንደ እኔ ያለ ሰው አንድ ጊዜ ጠይቋቸው ሲመለስ ከፈቃዱ እኩሌታው ያልቃል፤ የቀረውም ለለቅሶ፣ ለሰርግ፣ ለልጅ ትምህርት ቤት ጉዳይ እየተባለ አንድ አንድ እያለ ይሄዳል። በዚያ ላይ አዋጁ፣ ሠራተኛው ሲጠይቅና አሠሪው ሲስማማ፣ ፈቃዱ በሁለት ተከፍሎ እንዲሰጥ ይፈቅዳል እንጂ ከዚያ በላይ መቆራረጡ የአለቃ በጎ ፈቃድ ነው። ስለዚህ አንድ ሰኞ ለማግኘት የምፈልግ ከሆነ ከሁለት ወር በፊት እጠይቃለሁ፤ የዚያን ሳምንት ሥራዬን ማን እንደሚሸፍንልኝም ከባልደረባዬ ጋር ተነጋግሬ እቀርባለሁ። እስካሁን ተከልክዬ አላውቅም።

በመጀመሪያው ዓመት ትልቅ ስሕተት ሠርተናል። ቅዳሜን በፈቃድ ወስደን፣ ገና ሳይነጋ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ተነሣን። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የጊቤን በረሃ ወርደን ወጥተን፣ ወልቂጤን አልፈን ስንደርስ ቀኑ ተገባዷል። ልጃችን በማረፊያው አልጋ ላይ ጫማዋን ሳታወልቅ እንቅልፍ ወሰዳት፤ በማግስቱ ንጋት ደግሞ ቀስቅሰናት የመልሱን መኪና ያዝን። ሰኞ ወደ ሥራ የገባሁት ከሄድኩበት ይበልጥ ደክሜ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አወጣን፦ ለአንድ ሌሊት አዳር መንገዱ በአንድ አቅጣጫ ከሦስት ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ ዕቅዱም የሚጀመረው ከመመለሻው ነው። እሑድ ከዚያ ቦታ ወደ ጅማ የሚመጣው መኪና በቀን የሚገኘው እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ አስቀድመን እንጠይቃለን፤ የቀረውን ሁሉ ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠርን እንደለድላለን። ሚኒባስ መናኸሪያ ቆሞ እስኪሞላ የሚፈጀውን ጊዜም እንደ መንገድ እንቆጥረዋለን፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይህ ብቻውን አንድ ሰዓት ሊወስድ ይችላል።

አሁን ወደ ቀን መቁጠሪያው ልለፍ፤ ከሁሉ የበለጠ የጠቀመን እርሱ ነውና። የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን ስለሆነ የበዓላት ዕለት በቀላሉ ይሰላል። ጥምቀት ጥር 11፣ ዓድዋ የካቲት 23 ነው፤ በመካከላቸው ያለው 42 ቀን ልክ ስድስት ሳምንት ስለሆነ ሁለቱ በየትኛውም ዓመት በአንድ ዓይነት ዕለት ይውላሉ። ዘንድሮ በ2018 ዓ.ም. መስከረም 1 ሐሙስ ስለዋለ ሁለቱም ሰኞ ዋሉ፤ በ2019 ዓ.ም. መስከረም 1 ዓርብ ስለሚሆን ሁለቱም ማክሰኞ ይውላሉ፣ ያኔ ሰኞን በፈቃድ የሚወስድ ሰው ከቅዳሜ ቀትር እስከ ማክሰኞ ማታ ነጻ ይሆናል። የሠራተኞች ቀን ሚያዝያ 23፣ የአርበኞች ቀን ሚያዝያ 27 መሆናቸውም የተለየ ዕድል ነው፤ ዘንድሮ የመጀመሪያው ዓርብ፣ ሁለተኛው ማክሰኞ ስለሚውል ቅዳሜና ሰኞን ብቻ ከፈቃዱ የሚቀንስ ሠራተኛ አምስት ቀን ሙሉ ያገኛል።

ሃይማኖታዊ በዓላትን ግን ለሽርሽር አልመርጥም። ገናና ፋሲካ በቤት የሚከበሩ ናቸው፤ እንግዳ ይመጣል፣ ዶሮ ይሠራል፣ ጎረቤት ይጠራል። የዒድ በዓላት ዕለታቸው በጨረቃ መታየት የሚወሰን በመሆኑ አስቀድሞ ለማቀድ አይመቹም፤ ለእኛ ደግሞ ጅማ ውስጥ ዒድ ማለት የግድግዳ ጎረቤታችን ቤት ቡና የምንጠጣበት ቀን ነው፣ ያን ትቶ መውጣት አይሆንም። ዓድዋና የሚያዝያዎቹ ሁለት ቀናት ግን ማንንም ሳናስቀይም ልንሄድባቸው የምንችላቸው ናቸው።

ባለፈው ዓድዋ ወደ ቦንጋ ሄድን። ከጅማ 100 ኪሎ ሜትር ጥቂት ያልፋል፤ መንገዱ በሰቃ አድርጎ፣ የበለጤን ደንና ሸቤን አልፎ፣ ወደ ጎጀብ ወንዝ ቁልቁል ይወርድና ወንዙን ሲሻገር የካፋ ዞን ይጀምራል። ዐቢይ ጾምና ረመዳን አንድ ላይ የገቡበት ወቅት ስለነበር ቀን ምግብ የሚያቀርብ ቤት እንዳናጣ አስቀድመን ወደ ማረፊያው ደውለን፣ ቆጮና ጎመን እንዲያዘጋጁልን ለምነን ነበር። እሑድ ጠዋት አንድ አዛውንት ወደ ጫካው መሩን። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበ ነው፤ ቡናው በውስጡ እንደ ማሳ ቡና በረድፍ ተተክሎ ሳይሆን በግዙፍ ዛፎች ጥላ ሥር ግንዱ ቀጥኖ፣ ብርሃን ፍለጋ ተመዞ የሚያድግ ነው። ከአንዱ ግንድ አጠገብ አዛውንቱ ቆሙና ቅርንጫፉን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ልጃችን ዝቅ አደረጉላት። ነጫጭ አበቦቹ ከቅጠሎቹ ሥር ተደርድረው ቅርንጫፉን ዙሪያውን ሸፍነውታል፤ ሽታቸው ጽጌረዳም አይደለም፣ ቡናም አይደለም፣ ይልቅ አደስን ያስታውሳል።

«አባባ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» ስትል ጠየቀቻቸው።

«አይ ልጄ፣ ዝናቡ ከጣለ ከስምንት ቀን በኋላ ነው የሚፈካው። ሦስት ቀን ቆይቶ ይረግፋል። እናንተ በሰዓቱ ደረሳችሁ» አሏት።

የሦስት ቀን ጉዟችን ዋጋ ለእኔ እዚያች ቅርንጫፍ ላይ ነበር። በነገራችን ላይ፣ በዚያው ጉዞ ለማየት በጣም የጓጓንለት ሌላ ቦታ እሑድ ዝግ ሆኖ ጠብቆናል፤ ስለዚህ ሙዚየምም ይሁን ሌላ ተቋም በእሑድ መከፈቱን ቀድሞ በስልክ ማረጋገጥ ከዝግጅታችን አይጎድልም።

አዳር በማይቻልበት ሳምንት ቅርቡ አለ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅሬን ኮረብታ ላይ ያሠሩት የእንጨት ቤተ መንግሥት ከከተማው መሐል ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብቻ ነው የሚርቀው፤ እሑድ በማለዳ በባጃጅ ወጥቶ፣ በእግር ቀስ እያሉ ወደ ከተማው መውረድ ግማሽ ቀን አይፈጅም። በኅዳር ደግሞ ወደ አጋሮ መሄድን እመርጣለሁ፤ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ እሸት ቡናው ተለቅሞ በማድረቂያ አልጋዎች ላይ ሲገላበጥ የሚታየው ያን ጊዜ ነውና። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ግን ከአስፋልት ወጥቶ መግባት በጭቃ ምክንያት ሰዓቱን ሁሉ ስለሚበላ ከጅማ ርቀን አንሄድም፤ ቦዬ ረግረግ ዳር ቆመን ወፎቹን ማየት ይበቃናል።

በእውነት ለመናገር፣ ከገንዘብም ከመንገድም ይበልጥ የሚያስቸግረን የቅዳሜና እሑድ ማኅበራዊ ግዴታ ነው። ዕድሩ፣ ማኅበሩ፣ ክርስትናው፣ ሰርጉ ሁሉ የሚጠራው በእነዚሁ ሁለት ቀናት ነው። ለቅሶን ማንም አያልፍም፣ እኛም ጓዛችንን አስረን ሳለ ለቅሶ ተጠርተን የቀረንበት ጊዜ አለ። ለሌላው ግን በየሁለት ወሩ አንድ ቅዳሜና እሑድ ለይተን በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ እስክሪብቶ እናከብበዋለን፤ የማኅበር ተራችንንም ከዚያ ቀን ጋር እንዳይጋጭ አስቀድመን እንለዋወጣለን። ወዳጆቻችን መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር፤ አሁን ራሳቸው «በዚህ ወር የተከበበው የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁናል፣ አንድ ሁለቱም አብረውን ወጥተዋል።

ለመጪው ሚያዝያ የቅዳሜና የሰኞ ፈቃዴን ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። አምስት ቀን ስላለን የሦስት ሰዓቱን ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ ትተን፣ ዳውሮና ኮንታ መካከል ወዳለው፣ ዝሆን ወደሚገኝበት የጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ ለመሄድ አስበናል። የመንገዱን ሁኔታ ከዚያ ከሚመጡ ሹፌሮች ለመጠየቅ በዚህ ሳምንት መናኸሪያ እሄዳለሁ፤ ልጃችን አምስቱንም ቀናት ከአሁኑ በቀይ ከብባቸዋለች።